ላሜ ኮርማ የምትፈልገው እሑድ ነው

ይድረስ፦ በድሬዳዋ፣ በሐረርና በዙሪያው የማዳቀል አገልግሎትን ለምትመሩ ኃላፊዎች፤ የእንስሳት ሥነ ተዋልዶን ለምታጠኑ መምህራንና ተመራማሪዎች

ጉዳዩ፦ ላሞቻችን በሰዓታቸው እንዲዳቀሉ፣ ጥናቱም ወደ በረታችን እንዲመለስ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ። በድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር፣ በግቢዬ ውስጥ አራት ላሞች የማረባ ሴት ነኝ። ወተቱን ለጎረቤትና ለሁለት ሻይ ቤቶች አደርሳለሁ። ልጆቼን ያሳደግሁት በዚሁ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በማንም ላይ ቂም ይዤ አይደለም። ከላሞቼ ጋር ስኖር ያየሁትን እናንተ ከምታውቁት ጋር ሳስተያየው ሁለቱ ሊገናኙ ሲገባ ስላልተገናኙ ነው።

ቦራ የምንላት ክልስ ላም አለችኝ። ግንባሯ ላይ ነጭ አለ፤ ስሟም ከዚያ የወጣ ነው። ከወለደች ሦስተኛ ወሯን እንደያዘች፣ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ጩኸቷ ቀሰቀሰኝ። ባትሪ ይዤ ወጣሁ። አብራት የምታድረውን ጊደር በአገጯ ትገፋታለች፤ ጊደሯ ስትወጣባት ደግሞ ሳትሸሽ ቀጥ ብላ ቆመች። ከብልቷ እንደ እንቁላል ነጭ የጠራ ፈሳሽ ወርዶ ጭራዋ ላይ ተጣብቋል። ይህን ምልክት ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ እናቴም ታውቀው ነበር።

ማለዳ ላይ የኮርማ ዘር ይዞ በየቤቱ እየመጣ ላም ለሚያዳቅለው ባለሙያ፣ ለአዳቃዩ ደወልኩ። ስልኩ ዝግ ነበር። ከሰዓትም ደወልኩ፣ ማታም ደወልኩ። ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በሞተር ሳይክሉ መጣ። ትሑት ልጅ ነው፤ «እትዬ ይቅርታ፣ እሑድ ሥራ የለንም» አለኝ። አዳቀላት። እኔም ደብተሬ ላይ ቀኑን ጻፍኩ።

ምልክቱን ካየሁባት እሑድ በ21ኛው ቀን ቦራ ደገመች፤ እንደገና ኮርማ ፈለገች። ያም ቀን እሑድ ነበር።

ያን ቀን ጠዋት ቡና እያፈላሁ ሳስብ ነው ነገሩ የገባኝ። 21 ለ7 ሲካፈል 3 ነው። ላም ኮርማ የምትፈልገው በአማካይ በየ21 ቀኑ ከሆነ፣ እሑድ የጀመራት ላም የሚመለስባትም እሑድ ነው ማለት ነው። እርግጥ ሁሏም በልክ አትመላለስም፤ 18 ቀንም 24 ቀንም የሚሆንባት አለች። ነገር ግን እንደ ቦራ ዑደቷ የማይዛነፍ ላም በእሑድ ከተያዘች፣ ቢሮው በዚያ ቀን እስከተዘጋ ድረስ በየሦስት ሳምንቱ ያው እሑድ ይጠብቃታል። ሰነፍ ላም፣ መካን ላም፣ «ዘር የማይዝላት» እየተባለች ወደ ቄራ የምትሄደው አንዳንዷ እንዲህ ያለች የእሑድ ላም ትሆን ይሆን ብዬ አስባለሁ። ልቤን የሚያሳምመኝም ይኸው ነው።

የሰዓቱ ነገር እናንተ ዘንድ የተመሰከረ ነው። የፈረንጅ ዝርያና ክልስ ላም ኮርማ ቆማ የምትቀበለው ከ12 እስከ 18 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ነው፤ የአገራችን ከብት ደግሞ ከዚያም ያጥርባታል፣ ምልክቷም ደብዘዝ ያለ ነው። እንቁላሏ የሚለቀቀው ድራቱ፣ ማለትም ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ፣ ካበቃ ከ10 እስከ 14 ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው። የተለቀቀው እንቁላል ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው ደህና ሆኖ የሚቆየው። የኮርማው ዘርም ማህፀን ውስጥ ገብቶ ለመብሰል ጥቂት ሰዓት ስለሚፈልግ ቀድሞ መድረስ አለበት። ጠዋት የታየች ማታ፣ ማታ የታየች በማግስቱ ጠዋት ትዳቀል የሚለው ደንብ የመጣው ከዚህ ነው። ደንቡ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በአሜሪካ ኔብራስካ በተሠራ ጥናት የጸና ነው፤ የእኛም አዳቃዮች ሲሠለጥኑ የሚማሩት ይህንኑ ነው። ቦራ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከጀመራት መዳቀል የነበረባት እሑድ ማታ ነው። ሰኞ 3 ሰዓት ላይ 30 ሰዓት አልፏታል። የልጁ እጅ አልሳተም፣ ዘሩም የሞተ አልነበረም ይሆናል። የሳተው ሰዓቱ ነው።

አንድ ዙር ያለፈባት ላም 21 ቀን ጠፋባት ማለት ነው። ሦስት ዙር ካለፋት 63 ቀን ነው። በእነዚያ 63 ቀናት ፉርሽካና ፋጉሎ ትበላለች፣ ውኃ ትጠጣለች፣ ወተቷ ግን በየሳምንቱ እያነሰ ይሄዳል፤ የሚቀጥለው ጥጃም በዚያው ልክ ይርቃል። ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን ያህል የምታረግዝ ላም በየዓመቱ ትውለድ ከተባለ፣ ከወለደች በኋላ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላት መያዝ አለባት። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከሦስት ወይም ከአራት ዕድል በላይ የለም። እሑድ አንዱን ሲወስድ ስንት እንደወሰደ አስቡት።

ሁለተኛው ነገር ሙቀታችን ነው። የሐረማያን ዩኒቨርሲቲ ግቢ አውቀዋለሁ፤ ልጄ እዚያ ተምራለች። ከድሬዳዋ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የደንገጎን ዳገት ስንወጣ ግን አገሩ ይለወጣል፤ ከ1,200 ሜትር ተነስተን 2,000 ሜትር ላይ ነው የምንደርሰው፣ ማታ ጋቢ የሚያስደርብ አየር ነው። እዚያ ላይ ለላም የሚመች ነገር እዚህ ታች ለላም ላይመች ይችላል። በግንቦትና በሰኔ እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የቆመች ክልስ ላም አይታችሁ ታውቃላችሁ? አፏን ከፍታ ታለከልካለች፣ ምራቋ ይዝረበረባል፣ ከገንዳው አጠገብ አትርቅም፣ የቀረበላትን ገለባ ትታ ትቆማለች። ሙቀት ሲበዛባት ድራቷ ያጥራል፤ ቀን ላይ ፀጥ ብላ ውላ ሌሊት ብቻ ምልክት የምታሳይም አለች። ሌሊት ማን ያያታል? በረት አጠገብ የምንተኛ ሰዎች ነን የምናያት።

ከዚያም የባሰ አለ። ላሟ ብትይዝ እንኳ ሽሉ ገና አንድና ሁለት ሴል በሆነባቸው የመጀመሪያ ቀናት የእናቲቱ ሰውነት ከልክ በላይ መሞቅ ሊገድለው ይችላል። ከሦስት አራት ቀን በኋላ ይጠነክራል፤ የሚያሰጋው መጀመሪያው ነው። በዚህ ምክንያት ሽሉ የሞተባት ላም በ21ኛው ቀን ምንም እንዳልያዘች ሆና ትመለሳለች። እኛ «አልያዘችም» እንላለን። ይዛ ነበር። ይህን ሳውቅ ከተዳቀለች በኋላ ላለው ሳምንት ለቦራ ከቆርቆሮው በታች የሰሌን ዳስ ሠራሁላት። እኩለ ቀን ላይ ውኃ አርከፈክፍላታለሁ፤ የደረቀውን መኖ ወደ ማታ አዛውሬዋለሁ። ኮርማ የሚያቆሙ ጎረቤቶቼም ማወቅ ያለባቸው ነገር አለ። የኮርማ ዘር ተሠርቶ እስኪወጣ ሁለት ወር ያህል ይፈጃል፤ ቆለጡም ከሰውነቱ በ4 እና 5 ዲግሪ መቀዝቀዝ ይፈልጋል። ግንቦት ላይ የተቃጠለ ኮርማ ጉዳቱ የሚታየው ሐምሌ ላይ፣ አየሩ ረገብ ካለ በኋላ ነው። ሰዉ ግን ኮርማውን ሳይሆን ላሟን ይከስሳል።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ አንዲት ተማሪ ናት። ስሟን አልጠራም፤ ውለታዋን ግን አልረሳም። ለመመረቂያ ጥናቷ በየግቢያችን ስትዞር ቆይታ፣ አንድ ቀን ከቄራ የላም ማህፀን በፌስታል ይዛ መጣች። እኔና አራት ጎረቤቶቼ ከበብናት። ፕላስቲክ ዘርግታ አስቀመጠችው። ሁለት ቀንድ አለው፤ እንደ በግ ቀንድ ወደ ውስጥ ይጠቀለላል። ከየቀንዱ ጫፍ ላይ ከለውዝ ተለቅ የሚል እጢ ተንጠልጥሏል፤ እንቁላል የሚወጣው ከዚያ ነው። አንዱን በምላጭ ሰነጠቀችው። ውስጡ እንደ እርድ ቢጫ ነው። «ይሄ ቢጫ አካል ነው» አለችን። «እንቁላሉ ከወጣ በኋላ በቦታው የሚያድግ ነው። ላሟ ኮርማ እንዳትፈልግ የሚይዛት፣ ካረገዘችም እርግዝናውን የሚጠብቀው ይኸው ነው። ሽል ካለ በ16ኛው ቀን አካባቢ ለእናቱ መልእክት ይልካል፣ ቢጫው ይቀራል። ሽል ከሌለ ማህፀኗ ራሱ ሆርሞን ልኮ ያከስመዋል፣ በ21ኛው ቀን ትመለሳለች።» አጠገቤ የነበረችው አያንቱ የምንላት ጎረቤቴ ሰላሳ ዓመት ከብት አርብታለች፤ እጇን በአፏ ላይ ጭና ቀረች። «ይህን ይዘን ነው እንዴ የምንኖረው?» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁላችንም ደብተር ይዘናል።

ከተማሪዋ በፊትና ከእሷ በኋላ ግን ሌሎችም አጥኚዎች መጥተዋል። ደም ቀድተው ሄደዋል፣ ወተት ወስደዋል፣ ጥያቄ ጠይቀው ወረቀት ሞልተዋል። «ውጤቱን ይዘን እንመለሳለን» ብለውን ነበር። አልተመለሱም። ለጥናታችሁ መጽደቅ የእኔ ላም ደም ካስፈለገ፣ ለእኔ ቤት ጤንነት ደግሞ የደሙ ውጤት ያስፈልጋል። ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታ ላም በእርግዝናዋ መጨረሻ አካባቢ እንድታስወርድ ያደርጋል፤ ወደ ሰውም ባልፈላ ወተትና የወረደውን ሽልና እንግዴ ልጅ በባዶ እጅ በመንካት ይተላለፋል። በእኛ ሰፈር እንግዴ ልጅ የሚያነሱት ሴቶች ናቸው፤ ጓንት የለንም። የግመልም የላምም ወተት ሳይፈላ የሚጠጣበት ቤት ብዙ ነው። አንዲት ላም በዚህ በሽታ መያዟን በወረቀት ላይ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ለባለቤቷ ሳይናገር መቅረቱ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ እባካችሁ አስቡበት።

ስለ መርፌውም ልናገር። ላሞችን በአንድ ጊዜ ድራት ላይ ለማምጣት የሚወጋው ሆርሞን፣ ያን ቢጫ አካል የሚያከስም ነው። በትክክለኛው ጊዜ ሲሰጥ ጥሩ ነገር ነው፤ ላሟ ከሁለት እስከ አምስት ቀን ውስጥ ኮርማ ትፈልጋለች። ቀጠሮ ሊይዙበት ይቻላል፤ የእሑድን ችግር እንኳ ሊፈታው ይችላል። ነገር ግን ለነፍሰ ጡር ላም ከተሰጠ እርግዝናውን የሚጠብቀውን ቢጫ አካል ያከስምና ያስወርዳታል። በአንድ የዘመቻ ሳምንት፣ ሳይመረመሩ የተወጉ ሁለት ላሞች በሰፈራችን ጽንሳቸውን ጥለዋል። አንዷ የአንዲት ባሏ የሞተባት እናት ብቸኛ ላም ነበረች። በፊንጢጣ በኩል በእጅ መመርመር የሚችል ባለሙያ ከሁለት ወር በላይ የሆነውን እርግዝና ያውቀዋል፤ የሚፈጀውም ጥቂት ደቂቃ ነው። ከዚያ ያነሰውን ለመጠርጠር ደግሞ የተዳቀለችበት ቀን የተጻፈበት ደብተር ይበቃል። መጀመሪያ ደብተሩን ጠይቁን። ደግሞም ይህ መድኃኒት በቆዳ ይገባል፤ ነፍሰ ጡር ሴትና አስም ያለበት ሰው ሊነካው አይገባም። ላሟን ይዛ የምትቆመው አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት። ይህን አንድም ሰው ነግሮን አያውቅም ነበር።

አዳቃዩን ልጅ በሥራ ላይ አይቼዋለሁ። የናይትሮጅኑን ገንዳ ክዳን ሲከፍት ነጭ ጭስ ይፈሳል፤ ዘሩ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ነው ያለው። በመቆንጠጫ ከስክሪብቶ ቀፎ የምትቀጥን ቱቦ ያወጣል። ከዚያ ከ35 እስከ 37 ዲግሪ በሞቀ ውኃ ውስጥ ለግማሽ ደቂቃ ያህል መቅለጥ አለባት። ልጁ ቴርሞሜትር አልነበረውም። «እትዬ፣ ሞቅ ያለ ውኃ አለዎት?» ይለኛል። በሻይ ብርጭቆ ከጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ ቀድቼ እሰጠዋለሁ፤ በጣቱ ነክቶ «ይሆናል» ይላል። ፀሐይ የመታው የድሬ ሮቶ ውኃ አንዳንዴ እውነትም ልክ ይሆናል፤ አንዳንዴ ደግሞ ጣት ያቃጥላል። እ.ኤ.አ. በ1949 በእንግሊዝ ክሪስቶፈር ፖልጅና ባልደረቦቹ ዘር ሲቀዘቅዝ እንዳይሞት ግሊሰሪን እንደሚጠብቀው ካገኙ ጀምሮ ስንት ሰው የደከመበት፣ ቃሊቲ ላይ ኮርማ ተቀልቦ፣ ተመርምሮ፣ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የመጣ ዘር፣ መጨረሻ ላይ በእኔ የሻይ ብርጭቆ ነው የሚፈተነው። ለእያንዳንዱ አዳቃይ አንድ ቴርሞሜትርና አንድ ሰፊ አፍ ያለው ፔርሙዝ ይሰጠው። ናይትሮጅኑ ደግሞ ገንዳው ባይከፈትም ይተናል፤ በሙቀታችን ደግሞ ይብስበታል። ከልክ በታች ወርዶ ዘሩ አንዴ ከሞቀ መልሶ ቢሞላም አይነሳም፤ የሞተው ቱቦ ከውጭ ሲታይ ግን ከደህናው አይለይም። ከየገንዳው ጥቂት ቱቦ አውጥቶ በየጊዜው በማይክሮስኮፕ ማየት ይህን ያህል የሚያስቸግር ሥራ አይመስለኝም። ማይክሮስኮፕ ያላችሁ እናንተ ናችሁና እዚህ ላይ ብትተባበሩ።

የምለምናችሁ ዋናው ነገር የተዳቀሉትን ሳይሆን የተወለዱትን እንድትቆጥሩ ነው። በሪፖርት ላይ «ይህን ያህል ላም ተዳቅሏል» የሚል ቁጥር እንሰማለን። ቦራ በአንድ ዓመት 4 ጊዜ ተዳቅላለች፤ በዚያ ሪፖርት ውስጥ አራት ላም ሆና ነው የገባችው። ጥጃዋ ግን አንድም የለም። በየወረዳው ስንት ላም በመጀመሪያ ማዳቀል እንደያዘች፣ ስንቷ እንደደገመች፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደተዳቀለች ከተጻፈ፣ እሑድ ስንት ጥጃ እንደሚያስቀርብን ራሱ ወረቀቱ ይናገራል። ተመራማሪዎችም ከዚህ የተሻለ መረጃ ከየት ይገኛል? ደብተራችን ክፍት ነው።

ለእሑዱም ተራ ማውጣት ይቻላል። ሐኪም ቤት ተረኛ አለው፤ ፋርማሲም ተረኛ አለው። በከተማው ያሉት አዳቃዮች በየሳምንቱ እሑድ አንድ ሰው ተረኛ ቢሆንና ስልኩ ክፍት ቢሆን፣ የቤንዚኑም የእረፍቱም ነገር ታስቦለት፣ እኛም ከአገልግሎቱ ክፍያ በላይ ለእሑድ መጨመር አይገደንም። ልጆቹ ሰው ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ይሄዳሉ፣ ቤተሰብ አላቸው። የምጠይቀው አንድ ሰው ሁልጊዜ እንዲደክም አይደለም።

ስለ ግመልና ስለ ፍየል በአጭሩ። የሶማሌና የኦሮሞ ወንድሞቻችን ግመል የላሙ ደንብ አይገዛትም። ግመል እንደ ላም በየሦስት ሳምንቱ እንቁላል አትለቅም፤ እንቁላሏ የሚለቀቀው ወንዱ ካገኛት በኋላ ነው፣ በዘሩ ፈሳሽ ውስጥ ባለው ነገር ተቀስቅሶ። ጽንሷን የምትይዘውም ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ሁኔታ በግራ ቀንድ ነው። 13 ወር ያህል ታረግዛለች። የባቢሌን የግመል ገበያ የሚያውቅ ሰው ይህ እንስሳ በዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ፍየሎቻችን ደግሞ የጫት ገረባ ሲበሉ ነው የሚውሉት። ገረባው በመራባታቸው ላይ ምን እንደሚያደርግ ያጠና ካለ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ፣ በቀፊራ ገበያ ላይ ቆሞ ቢነግረን እንሰማዋለን።

አሁን ቦራ ሰኔ 3 ቀን ማታ ተዳቅላለች። ያም እሑድ ነበር፤ ልጁ ከቤተሰቡ ተነስቶ፣ በራሱ ቤንዚን ነው የመጣልኝ። ውኃውን በልጄ የትኩሳት ቴርሞሜትር ለክተን 36 ላይ አደረግነው። የሰሌኑ ዳስ ተሠርቷል፣ ውኃ አርከፍክፌላታለሁ። ዛሬ 16ኛ ቀኗ ነው፤ ተማሪዋ እንዳለችው ሽል ካለ ለእናቱ መልእክት የሚልክበት ቀን ነው። 21ኛው ቀን ሰኔ 24 እሑድ ይውላል። ሌሊቱን ባትሪ ይዤ በረቱ አጠገብ አድራለሁ። ከደገመች የማን ስልክ ላይ ልደውል?

ከአክብሮት ጋር
ከሳቢያን ሰፈር፣ ድሬዳዋ
ሰኔ 19 ቀን